ሁለት ሚሊ ወይስ ሦስት

ኅዳር 9 ቀን 1981 ዓ.ም.

አመዳይ ወርዷል። የግቢው ሣር ጨው የተነሰነሰበት መሰለ። የወፍጮ ቤት ሰዎች ያመጡትን የተሰበረ ቡሎን አወጣሁ፣ አንድ ካንዴላ ጠረግኩ። ሌላ ሥራ የለም።

እትዬ ብርሃነሽ በአጥር በኩል ወጥ ላከች። መለስኩት። ለቴ ከሞተች ወዲህ ትልካለች፣ እኔም እመልሳለሁ። ከሰው እጅ ተቀብሎ መብላት የምስኪን ነው። እኔ ሚስቴ የሞተችብኝ ሰው ነኝ እንጂ ምስኪን አይደለሁም።

ይኸን የምጽፈው እጄ ፊደል እንዳይረሳ ነው። መሠረተ ትምህርት ከልጅ ልጆቼ እኩያ ጋር አግዳሚ ላይ የተቀመጥኩት በከንቱ አይደለም። ስሜ ረጅም ነው፤ ገብረመንፈስቅዱስ። ሳላቋርጥ እጽፈዋለሁ።

ኅዳር 11

የያሕያ ፒክአፕ መጣች። በራሷ አይደለም... ከአልዩ አምባ ዳገቱን በበሬ፣ ከአንኮበር ወዲህ በጭነት መኪና ገመድ። ያሕያ ከኋላ እንደ ቀባሪ አንገቱን ደፍቶ።

ያሕያ የአልዩ አምባ ነጋዴ ነው፤ ወዳጄ ነው። አባቱም አያቱም ይኸን ገደል በበቅሎ ጭነው ሲወጡ ሲወርዱ ነው የኖሩት። እሱ ግን አምና በቅሎዎቹን እስከ መጨረሻዋ ሸጦ ይቺን መኪና ገዛ። የሸጠለት መንገድ ቀያሽ የነበረ ፈረንጅ ነው፣ ወደ አገሩ ሲመለስ። ሞተሯንም ፈረንጁ ከሌላ የጃፓን መኪና አውጥቶ የተከለባት ነው ይላሉ። አሁን ይቺ ካልተነሣች ያሕያ በቅሎም የለው፣ መኪናም የለው።

«ጋሽ ገብረ፣ መጀመሪያ ተንኳኳች፣ ከዚያ ጉልበቷ ጠፋ» አለኝ።

«ስንት ፒስተን ናት?»

«ፒስተን የላትም።»

«ሰክረሃል እንዳልል እስላም ነህ።»

«ወላሂ የላትም! ፈረንጁ ራሱ ነው የነገረኝ።»

ካንዴላዋን ነቅዬ በቀዳዳው ላይ አውራ ጣቴን አደረግኩ፣ ያሕያ ሞተሩን በቁልፍ አዞረ። ትንፋሿ ጣቴን ገፋ... ፉ... ከዚያ ባዶ፣ ባዶ። ፉ... ባዶ፣ ባዶ። ከሦስቱ ሁለቱ ጎድለዋል። የፒስተን ሞተር እንዲህ አይተነፍስም። ምንድን ናት ይቺ?

ኅዳር 13

ፈታኋት። እውነትም ፒስተን የላትም!

ጣልያን ጣርማ በር ላይ ዋሻውን ሲቆፍር ካምፑ ጋራዥ ከገባሁ ጀምሮ ስንት ሞተር ፈታሁ... እንዲህ ያለ አላየሁም። ቤቷ ቅል ነው የሚመስለው፤ ወገቡ ላይ ትንሽ ገባ ያለ ቅል በቁመቱ ቢሰነጠቅ። በውስጡ ሳምቡሳ ተቀምጧል። ሌላ ምን ልበለው? ሦስት ማዕዘን፣ ጎን ጎኑ ነፋ ያለ የብረት ሳምቡሳ። ሁለት ቤት፣ ሁለት ሳምቡሳ። ሳምቡሳው ቤቱ ውስጥ ይዞራል፣ ቤንዚኑ በየጎኑ ይነድዳል። በቃ፣ ሞተር ማለት ይኸው ነው።

በየማዕዘኑ ጫፍ ቦይ ተቆፍሯል። ቦዩ ውስጥ ቀጭን የብረት ስንጥር ቆሟል፤ ከሥሩ ትንሽ ሞላ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ስንጥሩ ግድግዳውን እየላሰ ሲዞር ነው እሳቱ ካንዱ ጎን ወደ ሌላው የማያመልጠው። ስንጥሩ ከሌለ ሁሉም የለም። ከስድስቱ አንዱ ሦስት ቦታ ተሰብሯል፣ ሁለቱ ጫፋቸው ተሸርፏል።

ይኸን ሁሉ ጉልበት በሣር ስንጥር ላይ የጣለው ሰው ማነው? ደፋር ነው ወይስ ሞኝ? ... እንዴትስ አሰበው?

ኅዳር 14

ወለተሐና መጣች። የለቴ የክርስትና ልጅ ናት። ምሥራቅ ጀርመን ልከዋት የብረት ሥራ ተምራ መጥታ እዚህ ከተማው ፋብሪካ ቶርኖ ቤት፣ ብረት የሚቀረጽበት ክፍል፣ ትሠራለች። የሚሊ መለኪያዋ ካሊፐር ከኪሷ አይጠፋም።

«አባባ! ሮታሪ እኮ ነው! መጽሐፍ ላይ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም» ብላ መሬት ላይ ዘፍ አለች። ስንጥሩን ለካች። ሁለት ሚሊ።

«ስለቀጠነ ነው የተሰበረ» አልኩ። «ወፍራም ይሁን። ሦስት ሚሊ።»

«ስለቀጠነ ነው ያለው ማነው?»

«እኔ ነኛ!»

«እንግዲያው አለቀ» ብላ ሳቀች።

በኔ ነው የሳቀችው? አሳሳቋ ለቴን ይመስላል... መቆጣት አቃተኝ።

ኅዳር 20

ቀንድ አውጣ የመሰለችውን ዕቃ ፈታሁ። ቱርቦ ትባላለች። ጭሱ ሲወጣ በውስጧ ያለውን ክንፍ ያዞራል፣ ያ ክንፍ ደግሞ ባንድ ዘንግ የተያያዘውን ሌላ ክንፍ ያዞራል፣ እሱም አየር ወደ ሞተሩ ይነፋል። ወናፍ ናት እኮ! ነፊው እሳቱ ራሱ የሆነ ወናፍ። ፈረንጁ ለምን እንደመረጣት ገባኝ። እዚህ ደጋ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተርም እንደ ቆላ ሰው ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል።

ግን በወናፍ የተነፋ እሳት ይበረታል። የበረታ እሳት ስንጥሩን ይመታል። ስለዚህ ወፍራም። ልክ ነኝ።

ኅዳር 27

የያሕያ ወንድም ዓወል አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ሲያስስ ሰንብቶ መጣ። ሁለት ዓይነት ስንጥር አገኘ። ስድስት ቀጭን፣ ሁለት ሚሊ፣ አዲስ በወረቀቱ እንደተጠቀለለ። ስድስት ወፍራም፣ ሦስት ሚሊ፣ ከቀድሞ ሞተር የወጣ ግን ያልተበላ። ሌላ እንዳትጠብቁ ተብሏል።

ቀጭኑ በነበረው ቦይ ይገባል። ወፍራሙ እንዲገባ ቦዩን በማሽን ማስፋት ነው። ከሰፋ ደግሞ ሰፋ። ብረት ሊጥ አይደለም፣ መልሰህ አትጨፈልቀውም።

ያሕያ «የቱን ታደርጋለህ?» አለኝ።

«ወፍራሙን።»

«ወለተሐናስ ምን አለች?»

«ወለተሐና ያልተጠየቀችውን መመለስ ትወዳለች።»

ሄደ። ዞር ብሎ ሞተሩን አየ። የታመመ ልጅ ሰው ቤት ትቶ የሚሄድ ነው የሚመስለው።

ታኅሣሥ 1

ወለተሐና ከመጽሐፍ አነበበችልኝ፤ ይቺ ሞተር ጤነኛ ሆና ሳለ ዘይት ትጠጣለች። ስንጥሩ እንዳይደርቅ ሆን ተብሎ ጠብ ይደረግላታል። እኛ ዘይት የበላች ሞተር ሞተች ነው የምንለው። ይቺ ካልጠጣች ነው የምትሞተው። ጉድ ነው።

ታኅሣሥ 4

ተጨቃጨቅን።

«ወፍራም ሲሆን ይከብዳል፣ አባባ። ሲከብድ በዞረ ቁጥር ግድግዳውን አብዝቶ ይጫናል። ይበላዋል።»

«የሦስት ሚሊ ስንጥር ምን ክብደት አለው? ላባ ነው!»

«ቆሞ ላባ ነው። ሲዞርስ?»

«ላባ ቢዞር ድንጋይ ይሆናል?»

«ይሆናል።»

እስኪ እንግዲህ። ላባ ድንጋይ ሲሆን ይታየኛል።

ታኅሣሥ 6

ነገሩን በወንጭፍ ፈተንኩት። ልጅ ሆኜ ማሽላ ስጠብቅ የያዝኩት ጥበብ ነው፣ ክንዴ አልረሳውም። መጀመሪያ ጠጠር አድርጌ አዞርኩ። እጄን ብዙም አልጎተተውም። ቀጥሎ እንቁላል የሚያህል ድንጋይ። ቀስ ብዬ ሳዞር ምንም። ፈጠን ሳደርግ... ክንዴን ከትከሻዬ ሊነቅለው! ያው ድንጋይ፣ ያው እጅ። ፍጥነቱ ብቻ ነው የተለወጠው። ልጅቷ ልክ ናት እንዴ?

ይኸን እያሰብኩ ድንጋዩ አመለጠኝ። እትዬ ብርሃነሽ ቆርቆሮ ላይ።

«ምን መጣብን!» ብላ ወጣች። «ገብረመንፈስቅዱስ! በስተርጅና ወፍ ጥበቃ ጀመርክ?»

«ሞተር እየሠራሁ ነው!»

«በወንጭፍ?»

«በወንጭፍ!»

አማተበች። ከዚያ «ምሳ ልላክልህ? ራብ ነው ጭንቅላትህን ያዞረው» አለች። አልፈልግም አልኩ።

ታኅሣሥ 12

ከወይራ ሳምቡሳ ጠረብኩ፣ ከጣውላ ቅሉን ቆረጥኩ። በየጫፉ ቦይ አወጣሁና የቀርከሃ ስንጥር አቆምኩበት። በመሐሉ ያለውን የማርሽ ጥርስ ለማስተካከል ብዙ ተሳደብኩ። ዛሬ ዞረ።

ዝም ብሎ አይዞርም። ይወዛወዛል። በሦስት ክርኑ ግድግዳውን እየተደገፈ ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚዞር ሰካራም ነው። ስንጥሩ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ሰፊው ጋ ሲደርስ ቀጥ፣ ወገቡ ጋ ሲመጣ ወደ ፊት ዘመም፣ ሲያልፍ ወደ ኋላ ዘመም። ወገቡ ጋ ቶሎ ካልተከተለ ግድግዳውን ይለቃል፣ ተመልሶ ይመታዋል። ቀጭኑን ቀርከሃ ሳደርግ ቶሎ ይከተላል። ወፍራሙን ሳደርግ ያመነታል።

ስንት ጊዜ አዞርኩት... ደስ ይላል። ለቴ ብትኖር «አሻንጉሊት ያዝክ?» ትለኝ ነበር። አዎ ያዝኩ።

ታኅሣሥ 15

ወለተሐናን ጠርቼ የእንጨቱን ሞተር አሳየኋት። አዞረችው፣ አዞረችው፣ አላባራ አለች።

«ቀጭኑ ይሻላል» አልኩ። ቃሉ ከጉሮሮዬ ሲወጣ እንደ ዓሣ እሾህ ነው።

«ምን አልክ? አልሰማሁም።»

«ሰምተሻል!»

ቀጭኑ ቶሎ ይከተላል፣ ትንፋሽ አያስመልጥም፣ ስለዚህ ዳገት ላይ ጉልበት አለው፣ ቤንዚንም ይቆጥባል። ቦዩንም ለካች፤ ቀጭኑን ለመያዝ ገና ይበቃል አለች። አለቀ። ሁለት ሚሊ።

ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለች። «ግን አባባ፣ የመጀመሪያውስ ቀጭን ለምን ተሰበረ?»

እውነትም። ለምን ተሰበረ?

ታኅሣሥ 17

ስብርባሪውን ለቅሜ በመነጽር አየሁት። አልተበላም። ተመትቷል። የቀጥቃጭ መስፍ ላይ አስቀምጠው በመዶሻ የነረቱት ነው የሚመስለው። እሳት እንዲህ የሚመታው መቼ ነው? ቤንዚኑ ጊዜው ሳይደርስ ቀድሞ ሲፈነዳ ነው። ቤንዚን ቀድሞ የሚፈነዳውስ? ... ወናፍ እየነፋበት መጥፎ ቤንዚን ሲሆን ነው።

ታንኩን ከፍቼ አሸተትኩ። ላምባ! የፋኖስ ሽታ!

ታኅሣሥ 19

ያሕያ መጣ። ታንኩን አስሸተትኩት። ጢሙን ያዘ።

«ስንት ትጨምራለህ?»

«አንዳንዴ ሩቡን። ሲብስ ግማሹን።»

«ሲብስ ማለት?»

«የቤንዚን ኩፖኑ ሲያልቅ ነዋ! ጋሽ ገብረ፣ የምትኖረው የት ነው? የሚሰጡኝ ኩፖን ወር አያደርስም። አሸዋ ልጨምርባት? የማይቀላቅል ሹፌር ካለ አሳየኝ።»

እውነቱን ነው። ሁሉም ይቀላቅላል። የተራ መኪና ሞተር ትንሽ ያጉረመርማል እንጂ ይችለዋል። ይቺ ባለ ወናፏ ግን በስንጥር ላይ የቆመች ናት። ነገርኩት። ደነገጠ። በገዛ እጁ እንደሰበራት እስከ ዛሬ አላወቀም ነበር።

ከዚያ ተነሥቶ እጁን ሞተሩ ላይ አደረገ። «ወላሂ! ከዛሬ ጀምሮ ላምባ ብጨምርባት... ቀጭኑን አድርግልኝ። የሚሻለውን አድርግልኝ። በአላህ ስም ማልኩልህ።»

ማል አላልኩትም። ራሱ ነው የማለው።

ታኅሣሥ 21

ሁለቱን ስንጥር ጠረጴዛው ላይ አጋድሜ ዋልኩ።

ቀጭኑ ለጥሩ ቤንዚን ነው። በጥሩ ቤንዚን ከወፍራሙ ይበልጣል፣ ይኸን አሁን አውቃለሁ። በላምባ ግን ይሰበራል። ወፍራሙ ይሰንፋል፣ ቤንዚን ይጨምራል፣ ግድግዳውን ይበላል። ግን ሲመታ ይችላል። የያሕያ መኪና ደግሞ የውድድር አይደለችም። በርበሬና ጥጥ ጭና ቀስ እያለች ነው የምትሳብ። ቀስ ስትል የወፍራሙ ክብደት ያን ያህል አይጎዳም፤ ወንጭፉ ራሱ ነግሮኛል።

ታዲያ የምመርጠው ለሞተሩ ነው ወይስ ለሰውየው? ... ሞተር ብቻውን መንገድ ይሄዳል እንዴ?

ያሕያ ሐቀኛ ነው። ዋሽቶኝ አያውቅም። ግን አንድ ቀን ኩፖኑ ያልቃል። ያን ቀን የሆነ ነገር ይመጣል፣ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ይመጣል። ያን ቀን ቃሉን ቢያከብር አንድ ነገር ይጠፋል። ቃሉን ቢያፈርስ መኪናዋ ትጠፋለች። ቀጭን ካደረግኩ ምርጫው ይኸ ነው።

ታኅሣሥ 24

ለወለተሐና ነገርኳት። ወፍራሙን።

«ተመልሰህ እዚያው?» አለች። «ግትርነት ነው ወይስ ምክንያት አለህ?»

ምክንያቴን ነገርኳት። ሳትስቅ ሰማች። ካሊፐሯን ከፈተች፣ ዘጋች።

«ይኸ መጽሐፍ ላይ የለም» አለች።

«መጽሐፉን የጻፈው ሰው ኩፖን አያውቅም።»

«ቦዩን ካሰፋሁ በኋላ በጎንና በጎኑ የሚቀረው ብረት ስስ ነው። እጄ ከሳተ ሳምቡሳህ ዶሮ መመገቢያ ነው።»

«እጅሽ ይስታል?»

«አይስትም።»

ይቺስ ከኔ ባሰች።

ታኅሣሥ 26

ለያሕያ ነገርኩት። ባልነገርኩት!

«ቀጭኑ ይሻላል ስትል አልነበር?»

«ብዬ ነበር።»

«ታዲያ? በፈጣሪ ስም ምዬልህ... ቃሌን አልተቀበልከውም ማለት ነው?»

«አንተን አምናለሁ። ኩፖኑን ነው የማላምነው።»

«ላምባውን የሚገለብጠው ኩፖኑ ነው እኔ?»

ምን ልበል? ዝም አልኩ። ዝምታዬ ነው የጎዳው።

«ሥራው ያንተ ነው፣ እንዳልክ አድርግ» ብሎ ጋቢውን አጣፍቶ ወጣ። የበቅሎ ዘመን ቢሆን በዚች በአንዲት ቃል ሰውና ሰው ገበያ ይለያያል።

ጥር 3

የክፍሏ ኃላፊ ፈቅዶላት ፋብሪካው ቶርኖ ቤት ገባን። ሳምቡሳውን አስራ፣ መቁረጫውን አወረደች። አንድ ቦይ ከቆረጠች በኋላ ለካች፣ ጠረገች፣ እንደገና ለካች። እኔ ልናገር ስል ጣቷን አፏ ላይ አደረገች። ዝም አልኩ። ለማንም እንዲህ ዝም ብዬ አላውቅም።

ስድስቱም ቦይ ተቆረጠ። ወፍራሙ ስንጥር በእጅ ሲገፉት ሳይንገጫገጭ ገባ፣ በሞላው ተመለሰ። ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ ቢላ።

ከእንግዲህ መመለስ የለም።

ጥር 9

ተነሣች! መጀመሪያ ጢስ፣ ሳል፣ ዝምታ... ከዚያ ድምፅዋ! የፒስተን ዱብ ዱብ አይደለም። ንብ ነው፣ ቀፎ ሙሉ ንብ። እትዬ ብርሃነሽ በአጥር ላይ አንገቷን አውጥታ «ይኸ ነው በወንጭፍ የሠራኸው?» አለች። አዎ አልኳት።

ያሕያ የድካሜን ሰጠ፣ አመሰገነ። ሁሉን እንደ ደንቡ። ቁልፉን ተቀብሎ ሄደ። ሻይ አልጠጣም አለ።

የካቲት 6

ያሕያ አልመጣም።

የካቲት 20

መኪናዋ በደጄ አለፈች። በድምፅዋ ለየኋት። አልቆመችም። ጤነኛ ናት... እሱም ጤነኛ ነው እንግዲህ።

መጋቢት 2

ሁዳዴ ነው። ቀኑ ይረዝማል። የእንጨቱን ሞተር አዞራለሁ። ወለተሐና ካሊፐር ማንበብ እያሳየችኝ ነው። ትልቁን መስመር ለየሁ፣ ትንንሾቹ ዓይኔን ያታልሉታል። ቀጭኑን ስንጥር ለካሁት፤ ሁለት። እስካሁን በወረቀቱ ተጠቅልሎ እኔ ዘንድ ነው። ያሕያ አልወሰደውም።

ተሳስቼ ይሆን? ቀጭኑን አድርጌ ቃሉን ተቀብዬ ቢሆን ዛሬ እዚህ ተቀምጦ ያወራኝ ነበር። ሰውየውን ከስሮ ሞተሩን ማትረፍ ምን ይባላል?

ሚያዝያ 12

ከሰዓት በኋላ ያቺ የንብ ድምፅ ደጄ ላይ ቆመች።

«ጋሽ ገብረ፣ አለህ?»

«ወዴት እሄዳለሁ? ግባ።»

ያሕያ ነው። ከስቷል፤ ረመዳን ነው፣ እሱም ይጾማል እኔም እጾማለሁ። በጨርቅ የተሸፈነ ትሪ አግዳሚው ላይ አስቀመጠ። ጨርቁን አስተካከለና፦

«ላምባ ጨመርኩባት» አለ።

ዝም አልኩ። ያሁኑ ዝምታ እንደ ያኔው አይደለም። እሱም አወቀው መሰለኝ፣ ቀጠለ።

«ጎረቤቴ ፈረጅ አንጀቱ ታጥፎ ሲጮህ አደረ። ኩፖኑ አልቋል። የነበረኝ ቤንዚን አንኮበርንም አያሳይ። የቤቱን የፋኖስ ላምባ ገለበጥኩባት። የጎረቤቱንም ጨምሬ።»

«ተንኳኳች?»

«በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ! በየዳገቱ አሁን ተሰበረች፣ አሁን ተሰበረች እያልኩ... ፈረጅ ከኋላ ይጮሃል፣ እሷ ከፊት ትጮሃለች። ሐኪም ቤት በር ላይ ቆመች። በራሷ እግር።»

«ፈረጅስ?»

«ቀደዱት፣ ሰፉት። ትናንት ሾርባ ጠጣ።»

ተነሥቼ ካንዴላዋን ነቀልኩ። አውራ ጣቴን ቀዳዳው ላይ አደረግኩ፣ እሱ አዞረ። ፉ፣ ፉ፣ ፉ። ሁለተኛውንም ቤት። ፉ፣ ፉ፣ ፉ። ሦስቱም እኩል። ቀጭኑ ቢሆን ኖሮ... አላልኩትም። እሱም አላለኝም። ወፍራሙ ቤንዚን ስለሚጨምር ይሆን ኩፖኑ ቀድሞ ያለቀው? ይኸንንም አሰብኩ። አላውቅም።

«ምዬ በማፍረሴ ሼሁ ዘንድ ሄድኩ» አለ። «አሥር ምስኪን አብላ አሉኝ። አበላሁ። በቃህ አሉኝ። ልቤ ግን አልበቃውም። መሐላው የተማለው እዚህ ግቢ፣ አንተ ፊት ነው። አሥራ አንደኛው አንተ ነህ።»

«እኔ? እኔ ምስኪን ነኝ?»

«ሚስት የለህ፣ በቅሎ የለህ፣ ጥርስ የለህ። ለምስኪንነት ምን ቀረህ?»

ደሜ ፈላ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትሪውን ከነጨርቁ በአጥር በላይ... አየሁት። ዓይኑን ተክሎ ይጠብቃል። ቀልድ አይደለም። እኔ እምቢ ካልኩ ያን መሐላ ተሸክሞ ሊመለስ ነው። ቃሉን ያኔ አልተቀበልኩለትም። ዛሬ ደግሞ ካሣውን?

ጨርቁን ገለጥኩ። ሳምቡሳ! ሦስት ማዕዘን፣ ጎን ጎኑ ነፋ ያለ።

«ሥጋ አለው? ሁዳዴ ነው እኮ።»

«ምስር ነው። ኩብራ አንተን አስባ ነው በዘይት የሠራችው» አለ። ኩብራ ሚስቱ ናት።

የኔ ሰዓት ደርሷል፣ የሱ ገና ነው። ጠበቅኩት። ስለ ፈረጅ ስፌት አወራን፣ ስለ በርበሬ አወራን። የእንጨቱን ሞተር አሳየሁት፤ እሱም እንደ ወለተሐና አላባራ አለ። አዛን ተሰማ። ከኪሱ ቴምር አውጥቶ ጎረሰ፣ ውሃ ጠጣ። እኔም ሳምቡሳውን አነሣሁ። ገና ስነክሰው ጫፉ ተሰብሮ ጉልበቴ ላይ ወደቀ።

«ለኩብራ ንገራት» አልኩት። «ጫፉ ላይ ሦስት ሚሊ ታድርገው።»

ውሃው ትን እስኪለው ሳቀ።

ሲሄድ በወረቀት የተጠቀለለውን ቀጭኑን ስንጥር ሰጠሁት። «አስቀምጠው» አልኩት። «ቤንዚን እንደ ልብ የሚገኝበት ቀን ሲመጣ ለሌላ ሞተር ይሆናል።»

ሚያዝያ 13

እትዬ ብርሃነሽ በአጥር በኩል የጾም ወጥ ላከች። ጨው አንሶታል። ሳህኑን ነገ አጥቤ እመልሳለሁ።